ከማን ጋር መጡ?

የሥራ ባልደረባው ምትኩ ሽማግሌውን የግምጃ ቤት ሠራተኛ የሰደበው የዛሬ ስድስት ዓመት፣ መጋቢት አሥራ ሁለት፣ ማክሰኞ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ግምጃ ቤቱ በር ላይ ነው። «አንተ ሰውዬ ጤነኛ አይደለህም!» አለው፣ ያውም በጽዳቶቹ ፊት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለም።

አሁን ደግሞ መሥሪያ ቤቱ የአእምሮ ምርመራ ወረቀት ካላመጣህ ሥራ አትገባም አለው። ሆስፒታሉ ውስጥ መርፌና ሰንሰለት ይጠብቀኛል ብሎ ሲገባ፣ በልጁ ዕድሜ ያለች ሐኪም ጥያቄ ብቻ ትጠይቀው ጀመር።

«ዛሬ ቀኑ ስንት ነው፣ አባባ?»

«የዛሬውን ተይው፤ የተሰደብኩበትን ልንገርሽ» አለና የአሥራ አንድ ሰዎች ስድብ ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱ ዘረገፈላት።

«የእርስዎ ማስታወስስ ለጉድ ነው!» አለች እየሳቀች። «ጨርሰናል። ወረቀቱ ላይ አብሮዎት የመጣው ሰው ይፈርምና ሥራዎን ይጀምራሉ። ስሙ ማን ነው?»

«ረሳሁት» አለ።

ኮሪደሩ ላይ ምትኩ ከአግዳሚው ተነሳ። አብሮት የሚሄድ ሰው ሲፈለግ ከመሥሪያ ቤቱ እጁን ያወጣው እሱ ብቻ ነበር፤ ካርዱንም በጠዋት ተሰልፎ ያወጣለት እሱ ነው።

«እህሳ፣ ምን አለችህ ወንድሜ? የምፈርመው የቱ ጋ ነው?»

ሽማግሌው ያልተፈረመበትን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከተተና፣ አልፎት ሄደ።