የጥበቡ ዓይኖች

ልጆቼ፣ በእኛ በእስቴ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ጻድቅ ሰው ሁለት ዓይኖቹ እየታዩ ፊት ለፊት ይሣላል። ክፉ ሰው ግን ጎኑን ሰጥቶ በአንድ ዓይን ነው የሚሣለው። ይህን ሕፃን እንኳ ያውቃል።

የትናየት ልጇ ጥበቡ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ ድምፁ ሲጠፋባት፣ ሠዓሊ ለምና ከኪዳነ ምሕረት እግር ሥር አስሣለችው። ዓይኖቹ ሁለቱም ጎላ ጎላ ያሉ ነበሩ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሥዕሉን መጋረጃ የምገልጥላት እኔ ነኝ።

«ሠዓሊው አፍንጫውን አሳምሮለታል፤ የራሱማ እንደ አባቱ ደፍጣጣ ነው» እያለች ትስቅ ነበር።

ባለፈው እሑድ መጋረጃውን ስገልጥ ጥበቡ ፊቱን ወደ ጎን፣ ወደ ሴቶቹ በኩል አዙሯል። የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው።

የትናየት በጉልበቷ ወደቀች። «አያ ይበልጣል፣ ልጄ በሰው አገር ምን ሠርቶ ነው? ከኃጥአን ቆጠሩትኮ!»

እንዲያው ትጽናና ብዬ አፌ ላይ የመጣውን አልኳት። «ተይ እንጂ! አንቺ የቆምሽው በሴቶቹ በኩል አይደል? አንቺን ሊያይ ዞሮ ነው።»

ዕንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ተነሣች። ቀስ እያለች ተሻግራ በወንዶቹ በኩል ካለው ዓምድ ሥር ቆመች።

«ዓይኔ ደክሟል፤ እርስዎ ይዩልኝ» አለች። «አሁንስ ያየኛል?»

አዎ ልላት አፌን ከፍቼ ቀና አልኩ።

ጥበቡ ወደ ወንዶቹ በኩል ዞሯል።