ከጥቁሩ ሥር ያለው አረንጓዴ

ሰውየው ቡክሲ ፒካፕ መኪናውን ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ፣ ያረጋል ቀለም ቤት ደጃፍ ላይ አቆመ። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ ወደ ፊት ፓራውልቱ ጠቆመ። ጥቁር ነው፤ ጥቁሩም በየቦታው ተልጧል።

«የዚህ አገር መንገድ ቀለም አይምርም» አለ። «የማይላጥ ቀለም ስጠኝ። ቢላጥም እኔው መንገድ ላይ በብሩሽ ነካ ነካ የማደርገው ይሁን።»

ያረጋል ስለ ቀለም ከተጠየቀ አፉ አይዘጋም። «በምድጃ የሚጋገረው የዱቄት ቀለም ጠንካራ ነው፤ ግን አንዴ ድንጋይ ከቦረቦረው ዝገቱ ሥር ሥሩን ይሄዳል፣ መጠገኛም የለው። ከማጠንከሪያ ጋር የሚበጠበጠው ያምራል፤ ታዲያ ሜዳ ላይ ማን ይበጠብጥልሃል? ላንተ የሚሆንህ እስከ ብረቱ ፍቆ፣ ፀረ ዝገቱን ሁለቴ አልብሶ፣ ከላዩ ተራውን ድብዝዝ ጥቁር የዘይት ቀለም መቀባት ነው። ሲላጥ ፈተግ አርገህ ትቀባዋለህ፤ ማንም አያውቅብህ።»

«እስከ ብረቱ?»

«እስከ ብረቱ።»

«ጠይብ፣ ይሁን። በደንብ ፍቀው እንግዲያ።» ስሙን ሙዘይን ብሎ ነገረውና ባዶ ቆርቆሮ ላይ ተቀመጠ። ደንበኛ የቀቢውን እጅ ነው የሚያይ፤ ይሄኛው ግን ያረጋልን ፊት ፊቱን ያየው ጀመር።

ያረጋል ብርጭቆ ወረቀቱን ይዞ ፈተገ። ጥቁሩ ለቀቀ። ከሥሩ አረንጓዴ ወጣ።

ይህን አረንጓዴ ያውቀዋል። ከገበያ የሚገዛ አይደለም፤ ፋው ከተማ ሳለ፣ ቀለም ቤቱ በጦርነቱ ሳይቃጠልበት በፊት፣ ለታናሽ ወንድሙ ለማሬ መኪና ብሎ ከሦስት ቆርቆሮ ራሱ የበጠበጠው ነው። ጨርቅ የሚያነሳ መስሎ ጎንበስ አለና የፓራውልቱን የውስጥ ጎን አየ። በሚስማር የተጫረች የዶሮ እግር አለች፤ ሦስት ጣት ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ። ማሬ ፊደል አልቆጠረም። «ፊርማዬ ይቺ ናት» ብሎ እየሳቀ የጫራት ራሱ ነው። ከሁለቱ ወንድማማቾች በቀር የሚያውቃት የለም።

ማሬ ከመፋዛ ሰሊጥ ጭኖ እንደወጣ ደብዛው ከጠፋ ሁለት ወሩ ነው። እናታቸው መተማ ሆና «ሬሳውን ሳላይ ነጠላዬን አልዘቀዝቅም» እያለች በየቀኑ ትደውላለች። ያረጋልም ከፈጣሪው የሚለምነው አንድ ነገር ነው፦ የወንድሙን መጨረሻ ማወቅ።

«ምን አየህ?» አለ ሙዘይን ድንገት።

ያረጋል ብርጭቆ ወረቀቱን መልሶ አነሳ። ወንድሙን ገድሎ በመኪናው የሚንሸራሸር ሰው እሱን ለመድፋት ምን ይከብደዋል?

«ብረት ነዋ! ሌላ ምን አያለሁ?»

ሙዘይን በረጅሙ ተነፈሰና አንገቱን ደፋ። እፎይ ማለቱ ነው አለ ያረጋል በልቡ። ወይ ጉድ፣ እንዲህም ያለ ዓይን አውጣ አለ!

«ከዚህ በፊት የት አስቀብተሃት ነበር?» አለ፤ የተፈተገውን አቧራ በጨርቅ እየጠረገ።

«ከፋው ጀምሮ ያልዞርኩት ቀለም ቤት የለም። ሁሉም ይፍቃል፣ ይቀባል፣ ዝም ይላል።»

የሸሸ ሰው አንድ ቦታ አይረጋ! ያረጋል መብራቶቹን በጋዜጣ ሊሸፍን ሲዞር በመስኮት ወደ ውስጥ አየ። የኋላ ወንበሩ ላይ ታጥቦ ያልለቀቀ ቡናማ እድፍ አለ። አጠገቡ ፋሻና የጁስ መምጠጫ ስትሮ የያዘ ፌስታል ተቀምጧል። የማሬ ደም ነው። ደንበኛውን በመዶሻ ሊለው ፈለገ፤ ፈራ፤ በመፍራቱም በገነ።

ቀብቶ እንደጨረሰ ሙዘይን ብድግ አለ። «ኸላስ፣ በቃ፤ አልቆይም።»

«አልደረቀም እኮ! እስከ ማታ እንኳ ተወው።»

«እርጥቡን እሄዳለሁ። ካደርኩበት ማረፊያ፣ ከናጂያ ሎካንዳ፣ ዕቃ አንስቼ በዶካ መንገድ መውጣቴ ነው።» የተረፈውን ቀለም በትንሽ ቆርቆሮ ተቀበለ። መኪናው ውስጥ ገብቶም አንዴ ሊናገር አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው፤ ሄደ።

ያረጋል ወዲያው ለእስማኤል ደወለ። እስማኤል የአብሮ አደጉ ልጅ ባል ነው፤ በዶካ መንገድ፣ ከተማው መውጫ ያለው ኬላ ላይ መሣሪያ ይዞ ይቆማል።

«ጥቁር ቡክሲ ይመጣል፤ የፊት ፓራውልቱ ገና እርጥብ ነው፤ ብትነካው ጣትህን ይይዘዋል። የማሬ ገዳይ ነው፣ እስማኤል! አታሳልፉት!»

«ካልቆመስ?»

«እኔ ምን አውቅልሃለሁ! አታሳልፉት ብቻ!»

«ካልቆመ እናቆመዋለን» አለ እስማኤል።

ያረጋል ደሙ እንደፈላ ወደ ናጂያ ሎካንዳ ሮጠ። ገዳዩ ያደረበት ክፍል ውስጥ የወንድሙ ሰዓት፣ የወንድሙ ጫማ፣ አንድ ነገር አይጠፋም። ባለቤቷ ናጂያ መጥረጊያ ይዛ በረንዳው ላይ ትነጫነጫለች። ሙዘይን የት እንዳለ ጠየቃት።

«አሁን ወጡ እኮ! አልደረስክባቸውም።»

«ወጡ? ከማን ጋር ነው?»

«ከበሽተኛው ጋር ነዋ! መንጋጋውን በጥይት ተመትቶ፣ ምስኪን፣ አይናገር፣ በስትሮ ነው የሚመገብ። ትኩሳቱ ባሰና ሙዘይን ተሸክሞ የኋላ ወንበር ላይ አስተኛው። ‹ተኳሾቹ እንዳይለዩዋት ጥቁር አስቀባኋት፤ ከሥሩ ያለውን አረንጓዴ የሚያውቅ አንድ ሰው ይጠይቀኛል ስል፣ ጠያቂ አጣሁ። እንግዲህ መተማ ሐኪም ቤት ሳልደርስ ለማንም አልቆምም› ብሎ በረረ።» በሩን በእግሯ ገፋ አደረገችው። «ግድግዳዬን ደግሞ እይልኝ፣ ወንድሜ! በሽተኛው እንዴት አድርጎ እንዳበላሸብኝ!»

ያረጋል ኪስ ውስጥ ስልኩ መጥራት ጀመረ። እስማኤል ነው።

ከአልጋው በላይ ያለው ግድግዳ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በከሰል የተጫረ የዶሮ እግር ነበር።