አራት ሰከንድ

ሳጂዳ ፋይሉን ለመክፈት ማውሱን ይዛ አመነታች። እትዬ መስኡዳ የተበላሸ የስልካቸውን ሚሞሪ ካርድ በሻሻቸው ጫፍ ቋጥረው ከአርዲቦ ሐይቅ ዳር ተነስተው ሐይቅ ከተማ ድረስ መጥተው፣ ሳጂዳ ለሰው ስልክ ፊልም በምትጭንበት ሱቅ ከጎኗ ቆመዋል። "ያንኑ የአምናውን ድገሚልኝ፣ ልጄ" ነው ያሏት። የፈለጉት ስለ ሐይቁ የተሠራ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ነበር። እዚያ ላይ፣ ከጋዜጠኛው ጀርባ፣ ሟች ባለቤታቸው ለአራት ሰከንድ ታንኳ እየቀዘፉ ወደ ዳር ይመጣሉ። ሌላ ምስል የላቸውም።

ሳጂዳ ግን ባለፈው ሳምንት ለአዲሱ የቱርክ ድራማ ቦታ ብታጣ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የከረመውን ፕሮግራም ሁሉ ጥራቱን ቀንሳ አሳንሳው ነበር። ዋናውንም አላስተረፈችም። በስልክ ለሚያይ ሰው ምኑ ይታወቃል ብላ።

"ምነው፣ እምቢ አለሽ እንዴ?" አሉ እትዬ መስኡዳ።

ከፈተችው። ጋዜጠኛው ደህና ይታያል። ከጀርባው ግን ውሃውና ታንኳው ተደበላልቀዋል፤ ፊት በነበረበት ቦታ ሦስት አራት ቡናማ ካሬዎች ይርገበገባሉ። አራቱ ሰከንድ አለቀ። ሳጂዳ ይቅርታ ልትል አፏን ስትከፍት፣ አሮጊቷ በእጃቸው ዝም አሰኟት።

"እሱው ነው። አቀዛዘፉ ነው፣ ወላሂ!"

ከዚያ ማዶ እንደሚያይ ሰው መዳፋቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ።

"አምና ግን ዳር ሊደርስ ትንሽ ነበር የቀረው። ምነው ልጄ፣ ተመልሶ ራቀ?"