ሰማዩ ሲጠፋባት

«እማዬ፣ ሰማዩ ሲጠፋባት የምትታመነው የትኛዋ ትመስልሻለች?»

እናትየዋ ልጇ የሥራ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ያስቀመጣቸውን ሁለት ጥቁር ሣጥኖች ተራ በተራ አየቻቸው።

«እኔ ምኑን አውቄው» አለች፣ የታጠበ ብርድ ልብስ የያዘውን ሳፋ ወገቧ ላይ እያስደገፈች።

ነገሩስ ይገባት ነበር። ሱቃቸው የአምቡላንስና የታክሲ መገናኛ ሬዲዮ ይጠግናል። አንድ ሬዲዮ ከፍሪኩዌንሲው መሳት አለመሳቱን የሚያዩበት መፈተሻ ግን አርጅቶ ራሱ ይስታል። ልጇ ዓመሉን ያውቃል፤ ሲበርደው ምን ያህል እንደሚቀንስ፣ ሲሞቀው ምን ያህል እንደሚጨምር እያሰበ በልቡ ያርመዋል። አሁን መርከብ ላይ ሥራ አግኝቷል። ነገ ይሄዳል። ሱቁን የምትረከበው እህቱ ያንን ዓመል አታውቀውም፤ ስለዚህ ከጂፒኤስ ሳተላይቶች ልኩን እየተቀበለ መፈተሻውን የሚያርም ሣጥን ያስፈልጋታል። አንድ ነጋዴ ሁለቱን ለሙከራ ሰጥቷቸዋል፤ ማታ አንዷ ትመለስለታለች።

«ይቺ ሳተላይቶቹን ቶሎ ታገኛለች» አለ ልጇ። «ያቺ ግን አንቺ ስታነቢ ነው የምትመስለው። ፊደል በፊደል።»

«ሳቅ፣ ሳቅ» አለች እህቱ። «ከባሕር ላይ የምትልከውን መልእክት ማን እንደሚያነበው እናያለን።»

እናትየዋም ሳቀች። የማታ ትምህርት የተመዘገበችው ልጇ ሊሄድ ነው በተባለ ሳምንት ነበር።

ሰገነቱ ላይ ወጥታ ገመዱ በልብስ ሞልቶ አገኘችው። ጥግ ላይ ነጭ ቆብ ያጠለቀ አዲስ ዘንግ ቆሟል። ሳይሄድ ማስጫ ሠርቶልኝ ነው ብላ ከባዱን ብርድ ልብስ ዘንጉ ላይ ደርባ፣ ወደ ባሕሩ የሚወስደውን መንገድ እያየች ብዙ ቆየች።

ስትወርድ ሁለቱም ሣጥኖች ላይ ቀይ መብራት በርቷል። ልጇ ገመድ ይነቅላል፣ ይሰካል፣ ደግሞ ይነቅላል። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል።

«ሁለቱም አይረቡም» አለ በመጨረሻ። ስልኩን አነሳ። «ለመርከቡ ሰዎች እነግራቸዋለሁ። እህቴን ከዚህ መፈተሻ ጋር ጥያት አልሄድም።»

አልሄድም። እናትየዋ ቃሉን እንደ ጣፋጭ ነገር አፏ ውስጥ ያዘችው። ነገ ጠዋት አልጋው ላይ ተኝቶ ይገኛል። ተነስ ትለዋለች፣ እሺ ይላታል፣ አይነሳም።

«ሰገነቱ ላይ ያለው አንቴና ተጋርዶ ይሆን?» አለች እህቱ።

«ምን ይጋርደዋል? ነጩን ቆብ ትናንት ራሴ ነኝ የገጠምኩት፤ ከሰማይ በቀር ምንም የለበትም።»

የእናትየዋ እጆች ገና እርጥብ ነበሩ። እስከ ማታ ዝም ብትል ይበቃል፤ ማንም አይጠይቃትም። ልጇ ጀርባውን ሰጥቷት ቁጥሩን ይፈልጋል። ትከሻው ወድቋል፤ ልጅ ሳለ የሠራው ነገር ሲበላሽበት እንደዚሁ ይወድቅ ነበር።

«ብርድ ልብስህን አጥቤልህ» አለች ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። «እዚያ ዘንግ ላይ አሰጣሁት። ለእኔ ያቆምከው መስሎኝ።»

መጀመሪያ የሳቀችው እህቱ ናት። እሱ አልሳቀም። እናቱን ትንሽ አያትና ስልኩን አስቀምጦ ወጣ። ብርድ ልብሱን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ውኃው እየተንጠባጠበ ሲመለስ መብራቶቹ አረንጓዴ ሆነው ነበር።

«ሰማዩ ጠፍቶባቸው በቆዩበት ጊዜ ሣጥኖቹ ምን ያህል እንደሳቱ የቁጥር መስኮታቸው ላይ ይጽፋሉ» አለ። «አንቺው አንብቢው፣ እማዬ።»

ጎንበስ ብላ ጣቷን ከቁጥሮቹ ሥር አስኬደች። የፈጣኗ ቁጥር መስኮቱን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል። የዘገምተኛዋ ሁለት አሃዝ ብቻ ነው። እንዳትሳሳት እንደገና አነበበችው። ከዚያም ብትሳሳት ምን ነበረበት ብላ፣ እንደገና አነበበችው።

«ይቺ» አለች፣ መዳፏን ዘገምተኛዋ ላይ አሳርፋ። ሣጥኗ ሰው እንደተኛበት ትራስ ትሞቃለች። «የምትታመነው ይቺ ናት።»

በማግስቱ ልጇ ሄደ። እህቱ ቀረች፤ ሣጥኗ ቀረች፤ ብርድ ልብሱም ስላልደረቀ ቀረ።