ሠላሳ ቀን የምትቆየው እንክብል

ባሏ እሑድም ሥራ መግባት ከጀመረ አምስት ወሩ ነው። ቅናት ቤቱን ሞልቶታል።

የሚሠራው ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው፤ ከአሸዋ የደቀቁ የመድኃኒት እንክብሎች ይሠራል። ልባሳቸው ፖሊመር የሚባል ፕላስቲክ መሰል ነገር ነው፤ ሰውነት ውስጥ ቀስ በቀስ እየሟሟ መድኃኒቱን ይለቃል። እነሱን አንዴ የተወጋ ሰው በየቀኑ መወጋት ይቀርለታል። የእሷም ሕመም የየዕለት መርፌ የሚፈልግ ስለሆነ፣ ላንቺ ብዬ ነው የምለፋው ይላታል። አላመነችውም። አብራው የምትሠራ አንዲት ኬሚስት አለች፤ ፍንጭትና ሳቂታ።

ስልክ ሲያወራ ጆሮዋን በሩ ላይ ትለጥፋለች። አንድ ቀን፣ "ዛሬም ፈረሰች? አይዞሽ፣ ቶሎ እመጣለሁ" ሲል ሰማችው።

"ማን ናት የፈረሰችው?"

"እንክብሏ።"

"እኔንስ አይዞሽ ካልከኝ ስንት ጊዜህ ነው?"

ጫማውን አስሮ ወጣ።

ሆዷን ያሳረራትን ነገር በየጠዋቱ ሊወጋት ለሚመጣው ነርስ ነገረችው። ነርሱ ሲፈጥረው ታጋሽ ነው፤ መርፌው የሁለት ደቂቃ ሥራ ቢሆንም ቁጭ ብሎ ሰማት። ሄደሽ በዓይንሽ እዪ፤ ካየሽ ወዲያ ማንም አይፈርድብሽም አላት። በማግስቱ ሄደች።

ኬሚስቷ ብቻዋን ነበረች። ማማሰያ ማሽኑ ይሽከረከራል። ማንነቷን ስትነግራት ደስ ብሏት ወንበር ሳበችላት።

"ባልሽ ሊገድለኝ ነው" አለች እየሳቀች። "የታዘዝነው የሰባት ቀን ነበር። ለሱ አጭር ሰንሰለት ያለው ፖሊመር ይበቃል፤ ቶሎ ይሟሟል። እሱ ግን ረጅሙ ካልሆነ ብሎ ድርቅ አለ። ማማሰያውን ስናፈጥነው እንክብሎቹ በጣም ይደቁና መድኃኒቱን ባንዴ ይዘረግፉታል፤ ስናዘገየው ይተልቁና በመርፌ አያልፉም። ቶሎ ካደረቅናቸው ደግሞ ይበሳሳሉ። አሳራችንን በላን። ትናንት ግን አንዷ ሠላሳ ቀኗን ደፈነች።"

"ለምን ሠላሳ?"

"እኔም ጠይቄው ነበር። 'ጠዋት ጠዋት ቤቴን የሚያንኳኳ ሰው በቃኝ፤ በወር አንዴ እኔው እወጋታለሁ' አለኝ። እንዲህ የሚወድ ባል ከየት ይገኛል?"

አመስግናት ወጣች። ደረጃው ላይ ቆመች። ስልኳን አውጥታ ነርሱ ጋ ደወለች።

"ነገ እንዳትመጣ፣ ሆዴ" አለችው። "አውቋል።"