በገመድ ላይ ያለው ሰው

«ቀስ! ቀስ በሉ! ሰው ነው እንጂ የድንች ጆንያ አይደለም!» ባውዲሊዮ ኦያርሶ ከነፋሱ በላይ ጮኸ።

ሰውየው የብረት ወንበር ላይ እንደታሰረ ከጦር መርከቧ ጠርዝ ለቀቀና ባሕሩ ላይ ተንጠለጠለ። ሁለቱ የቺሌ ባሕር ኃይል መርከቦች በአርባ ሜትር ርቀት ጎን ለጎን ይሄዳሉ። የነዳጁ ሥራ አልቋል፤ ባውዲሊዮ ያለባት ነዳጅ ጫኝ ታንከር ለጦር መርከቧ የምትሰጠውን ሰጥታ ቱቦዋን ሰብስባለች። የቀረው ይኼ አንድ በሽተኛ ብቻ ነው፤ ኤድሙንዶ ሌፔ የሚባል የሞተር ክፍል ሰው፣ ትርፍ አንጀቱ አብጦ ከትናንት ጀምሮ ሲያቃስት የቆየ። ሐኪም ያለው ታንከሯ ላይ ነው። ወደብ ሁለት ቀን ይርቃል፤ በፔናስ ባሕረ ሰላጤ በሐምሌ ነፋስ ደግሞ ሄሊኮፕተር አይነሳም።

ወንበሩ የተንጠለጠለበትን ወፍራም ገመድ ታንከሯ ላይ የያዙት ሃያ ሰዎች ናቸው፤ ሌላው ጫፉ ጦር መርከቧ ላይ ታስሯል። ለእንዲህ ያለው ሥራ ማሽን አይታመንም፤ ማሽን የመርከብ መንከባለል አይሰማውም፣ እጅ ግን ይሰማዋል። መርከቦቹ ሲራራቁ ይለቃሉ፣ ሲቀራረቡ ይስባሉ። ከሃያው ፊት የቆመው ሲክስቶ ማንሲያ ነው፣ የባውዲሊዮ እህት የሮሳልባ ባል። ሌሎች ስድስት ሰዎች በቀጭን ገመድ ወንበሩን ወደ ራሳቸው ይጎትታሉ። ባውዲሊዮ የሁሉም አለቃ ነው። መጥረቢያ ይዞ ቆሟል፤ አንድ ነገር ቢበላሽ፣ ወፍራሙን ገመድ ተወጥሮ ተበጥሶ ሰው ከመምታቱ በፊት የሚቆርጠው እሱ ነው።

«አለቃ፣ መጥረቢያውን እንዲህ ስትይዘው ሥጋ ቤት የከፈትክ ትመስላለህ» አለ ሲክስቶ፣ ዓይኑን ከገመዱ ሳይነቅል።

«አንተ ገመድህን ያዝ።»

«ይዣለሁ እኮ! እህትህንም እንዲህ ጠበቅ አድርጌ ይዤያት አላውቅም።»

ከኋላው ያሉት ሳቁ።

ወንበሩ መሃል ላይ ሲደርስ ጦር መርከቧ ፊቷን ወደ ውጭ አዞረች። ባውዲሊዮ ማዕበል የገፋት መስሎት ነበር። ግን አልተመለሰችም። ከወዲያ ፊሽካ ተነፋ፤ አንድ መኮንን ሁለት እጁን እያወራጨ «መሪው! መሪው አልታዘዝ አለ!» እያለ ይጮሃል።

«ገመዱን ቁረጡ!» የታንከሯ ካፒቴን ድምፅ በድምፅ ማጉያው አምባረቀ። «ኦያርሶ! ቁረጥ!»

ባውዲሊዮ መጥረቢያውን አነሳ። ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ያየው ነበር። አልጮኸም፤ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። እንደታሰረ ነው የሚወድቀው። ባይሰምጥ እንኳ ያ እንደ በረዶ የቀዘቀዘ ውሃ ሰውን ብዙ አያቆይም።

ባውዲሊዮ መጥረቢያውን ወደ ጎን ወረወረው።

«ጎትቱ! ነፍሳችሁ እስክትወጣ ጎትቱት!»

ስድስቱ ቀጭኑን ገመድ ትከሻቸው ላይ አድርገው ሮጡ። በሃያዎቹ እጅ ውስጥ ያለውን ወፍራም ገመድ ግን የምትርቀው መርከብ እየነጠቀች ትወስደዋለች። የሲክስቶ ጓንት መጨስ ጀመረ። ወንበሩ አስራ አምስት ሜትር ቀረው። አስር። ማጉያው አሁንም «ቁረጥ!» ይላል።

«አለቃ፣ ገመዱ አለቀ!» አለ ሲክስቶ። «አለቀ! ልልቀቀው?»

አምስት ሜትር።

«ያዝ!» አለ ባውዲሊዮ።

ሲክስቶ ያዘ። የቀረችውን ጫፍ አጠገቡ ያለው የገመድ ማሰሪያ ብረት ላይ ጠመጠመና በሙሉ ክብደቱ ወደ ኋላ ተንጋለለ። ገመዱ ቀጠነ፤ ከውስጡ ውሃ ተጨምቆ ወጣ። ወንበሩ ከጠርዙ ጋር ተላትሞ ወደ ውስጥ ሲወድቅና መድፍ የተተኮሰ የሚመስል ድምፅ ሲሰማ አንድ ሆነ።

የተበጠሰው ገመድ ሲመለስ ማንም አላየውም።

ባውዲሊዮ ዞር ሲል ሲክስቶ በጀርባው ተዘርግቷል። ሄዶ ተንበረከከና ቀኝ እጁን ከጭንቅላቱ ሥር አስገብቶ ቀና አደረገው። ደሙ እጁን ሞቀው።

«ሲክስቶ። አንተ። ገብቷል እኮ ሰውየው። ሲክስቶ፣ ገብቷል።»

ሐኪሙ እየሮጠ መጣ። ጣቱን በሲክስቶ አንገት ላይ አሳርፎ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ባውዲሊዮን ሳያይ ተነሳና ወደ ወንበሩ ሄደ። «ይኼኛውን ወደ ታች አውርዱልኝ፣ ቶሎ» አለ።

ኤድሙንዶን ተሸክመውት ሲያልፉ አንገቱን ለማቅናት ሞከረ። «ማነው የወደቀው?» አለ። ተሸካሚዎቹ እርምጃቸውን አፈጠኑ።

ካፒቴኑ ከላይ ወርዶ ነበር። ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። ስላልተፈጸመው ትእዛዝ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። የመልእክት መብራቱን የሚሠራው መርከበኛ ከኋላው መጣ።

«ጌታዬ፣ መሪያቸው ተስተካክሎላቸዋል። ‹ሰውየው ደረሰ ወይ?› እያሉ ነው። ምን ልመልስ?»

«ደርሷል በላቸው።»

«ስለ ሲክስቶ ማንሲያስ?»

ካፒቴኑ ወደ ባውዲሊዮ ተመለከተ። ባውዲሊዮ ተነስቶ ወደ ጠርዙ ሄደ።

«ደርሷል በል አልኩህ» አለ ካፒቴኑ። «ሌላውን እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

መብራቱ ከላይ ብልጭ ድርግም አለ። ትንሽ ቆይቶ ጦር መርከቧ ላይ ያሉት ሰዎች ወደ ጠርዙ ፈሰሱ፤ ስልሳ ሰባ ይሆናሉ። ኮፍያቸውን ወደ ላይ ያነሳሉ፣ ይተቃቀፋሉ፣ አንዱ ይዘላል። ምን እንደሚሉ በነፋሱ አይሰማም። ከዚያ ርቀት የሚታያቸው ጠርዙ አጠገብ የቆመው ባውዲሊዮ ብቻ ነው፤ እሱን እያዩ እጃቸውን ያውለበልባሉ፣ እስኪመልስላቸውም የሚያቆሙ አይመስሉም።

ቀኝ እጁን ከጀርባው ደበቀና በግራው አውለበለበላቸው።