ስድስተኛው ስኒ

ከእናቷ የወረሰቻቸው ስኒዎች አምስት ናቸው፤ ማስቀመጫ ሳህን የላቸውም። ስኒ የሚገዛው በስድስት ነውና፣ ስድስተኛውን በእናቷ ለቅሶ ግርግር አንድ አመለኛ እጅ እንዳነሳው ታምናለች።

ዛሬ ጎረቤቷ እትዬ ጥሩወርቅ ያቀረቡላትን ሻይ ጨልጣ ስኒውን ወደ መስኮቱ አነሳችው። የጣቷ ጥላ በስሱ ገላው አልፎ ታየ፤ ቦን ቻይና የሚሉት ውድ የጥንት ሸክላ ነው። ገለበጠችው። ከደበዘዘው የዘውድ ማኅተም አጠገብ፣ ልክ እንደ አምስቱ፣ በቀይ የጥፍር ቀለም የተቀባ ነጥብ አለ። «እጅ ከፍንጅ» አለች በሆዷ።

«እትዬ፣ ይህ የእናቴ ስኒ ነው። ምልክቷን አውቀዋለሁ።»

እትዬ ጥሩወርቅ ሳይቆጡ ቡፌውን ከፈቱ። ስድስት የስኒ ሳህኖች ተደርድረዋል። አንዱን ገልብጠው ያንኑ ቀይ ነጥብ አሳዩዋት።

«ለሰርግሽ አምስቱን ስኒ እናትሽ ከእኔ ተውሳ፣ ሳትመልስ ታመመች። የታመመ ሰው ዕቃ ይጠየቃል? ሻይ ልድገምልሽ፣ ልጄ?»